እቴቴ የሺን የሣልን ሰሞን

ባለፈው ወር እዚሁ መካነ ኢየሱስ የምታስተምር አንዲት የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ የተማሪዎቼን ሥዕል ይዩልኝና ማን እንደሚበልጥ ይንገሩኝ» ብላ ትምህርት ቤቷ ወሰደችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። የሥዕል አስተማሪ እንደነበርሁ የሚያስታውስ ሰው ሲገኝ ደስ ስለሚለኝ ከዘራዬን አንሥቼ ተከተልኋት። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት አንዱ የቆሙ ሰዎች ሥዕል ነው። ሰባት ስምንት ይሆናሉ፤ ሽማግሌው፣ ሴትዮዋ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ሁሉም እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። የሣለችው ልጅ አጠገቡ ቆማለች።

«የኔ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ምን አድርገውት ነው?» አልኋት።

«በርዷቸው ነው» አለችኝ ፈጠን ብላ።

መምህርቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይህችን መልስ አውቃታለሁ። ከስድሳ ዓመት በፊት ቃል በቃል ሰጥቻታለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መማር የፈለገ የአገራችን ልጅ ከየገጠሩ ወደ መካነ ኢየሱስ ይመጣና ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል። ስንቃችንን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከቤት እናመጣለን፤ የገብስ ዳቦ፣ በሶ፣ የባቄላ ቆሎ፣ እናት ከጨከነች ደግሞ ትንሽ ቅቤ። እኔ እዚያው እስቴ ገጠር ስለነበርሁ የግማሽ ቀን መንገድ ነው የምሄደው። አብሮኝ የሚኖረው ላቀው ከስማዳ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ተነሥቶ ሲመሽ ነው የሚደርስ። ሦስተኛችን ዲያቆን መኳንንት ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ አጎቱ «የዘመኑንም ቅመስ» ብለው ወደ አስኳላ የላኩት ልጅ ነበር። ሦስታችንም በእቴቴ የሺና በባላቸው በአያ ቢተው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለች አንዲት ጎጆ ተከራይተን እንኖር ነበር።

ሥዕሉን ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ትምህርት ቤቱ አዲስ ክፍል ሲያሠራ የሲሚንቶ ከረጢት በየቦታው ይጣል ነበር፤ እኛ እሱን እያራገፍን፣ እየቀደድን ወረቀት አደረግነው። ከሰሉ ከእቴቴ የሺ ምድጃ ነው። የሣልነውን የምናጠፋው በዳቦ ነበር። ስቃችሁ ይሆናል፤ ግን የገብስ ዳቦ ልቡ ወጥቶ ሲድቦለቦል ከሰልን ጥርግ አድርጎ ነው የሚያነሣ። መኳንንት መጀመሪያ ላይ «በእህል መቀለድ ነው» ብሎ አማተበ። በኋላ እሱም ለመደው። ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስና ስንቅ ሲያልቅ፣ የጠቆረችውን የዳቦ ኳስ አራግፈን የበላንበት ጊዜም አለ። በዚያ ዕድሜ ረኀቡም ሥዕሉም እኩል ይጠብሳል።

ሌላ ነገር አንሥልም ነበር፤ ሰው ብቻ። የተቀመጠ ሰው፣ የተጫነ አህያ የሚነዳ ሰው፣ የዓርብ ገበያተኛ። ችግሩ የአገራችን ሰው ጋቢ ለባሽ መሆኑ ነው። ከጋቢው ሥር ጉልበቱ የት እንደሚታጠፍ፣ ክርኑ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? ከረጢት ላይ የተቀመጠ ጭንቅላት የሚመስል ሰው እየሣልን ብዙ ጊዜ ሳናውቀው ኖርን።

እርማት የሚባለውን ነገር ያመጣልን መኳንንት ነው። ረቡዕ ከትምህርት ስንመለስ የየራሳችንን ሥዕል ግድግዳው ላይ በእሾህ እንሰካለን። የሣለው አፉን ይይዛል፤ የቀሩት ሁለቱ ያዩትን እንከን ይናገራሉ። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። የሰው ሥዕል በእጅ መንካትም ክልክል ነው። ያየውን እንከን ደብቆ ያለፈ ደግሞ ሌባ ይባላል። «እኛ ዘንድ» ይል ነበር መኳንንት፣ «ጓደኛው ዜማ ሲስት ሰምቶ ዝም ያለ ተማሪ አብሮ እንደሳተ ነው የሚቆጠረው።»

እውነት ለመናገር ያ እርማት ሰው አድርጎናል። ጭንቅላት እያሳነስን፣ እግር እያረዘምን፣ በወራት ውስጥ የምንሥለው ሰው ቆሞ መሄድ የሚችል መሰለ። ሦስታችንም ተሻሻልን። አንዱ ግን ከመሻሻል አልፎ ሄደ። ስሙም ላቀው ነው፤ እናቱ አውቀው ያወጡለት ይመስል።

ቀናሁ። ነገሩን በሌላ ስም ልጥራው ብል ራሴን ማታለል ነው። ላቀው ከሰሉን ሲይዝ እንደ እኔ አያጠብቅም። ሰውየውን ዓይኑን ሰብሰብ አድርጎ ያየዋል፣ ያየዋል፣ ከዚያ ሦስት መስመር ያሰምርና ሰውየው ይመጣል። እኔ እኮ ከእሱ በፊት ነው መሣል የጀመርሁት። ከክፍላችን የጽሕፈቴን ውበት የሚያህል አልነበረም፤ ዘመድ አዝማድ «ይህ ልጅ እጁ ወርቅ ነው» እያለ ያሳደገኝ ነኝ። እሱ ፊደሉን እንኳ የዶሮ ጭረት ነው የሚያስመስለው። ታዲያ ከየት አመጣው? አጠገቤ ተቀምጦ፣ የእኔን ዳቦ እየቆረሰ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል። ላቀው ቢኮራብኝ ይቀለኝ ነበር። አይኮራም። ይባስ ብሎ የእኔን ዓይን ያምናል፤ «ያንተ ዓይን አያሳልፍም» እያለ ሥዕሉን ከሁሉ በፊት ለእኔ ነው የሚያሳይ።

በኅዳር አንድ ቀን እቴቴ የሺ ጎጆአችን በራፍ ላይ መጥተው ቆሙ።

«እናንተ ልጆች፣ ይህን ሁሉ ከሰሌን የጨረሳችሁት፣ እኔን ብትሥሉኝ ምን አለበት?» አሉን።

የተረፋቸው አንድ ልጅ፣ ፈንታ የሚባል ነበር። ወታደር ሆኖ ወደ ሐረር በኩል ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሥር አለቃ መሆኑን ጽፎላቸው፣ ያችን ደብዳቤ በየሳምንቱ ያስነብቡኛል። «መልኬ ይጠፋበት ይሆን ብዬ ሠጋሁ» አሉ። ፎቶግራፍ አንሺ ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ባላቸውን ጥለው የትም አይሄዱም። አያ ቢተው ልባቸው ደካማ ነበር። ከበር እስከ አጥር ሲሄዱ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ፤ ፈንታም ሲዘምት እንዲሁ አድርገው ነው የሸኙት።

ሦስታችንም እንድንሥላቸው፣ እሳቸውም «ይህ እኔ ነኝ» ያሉትን አንዱን መርጠው ከደብዳቤው ጋር እንዲልኩ ተስማማን። አንድ ሰው መርጦ፣ አጥፎ፣ እስከ ሐረር የሚልከው ሥዕል። የእኔ እንዲሆን እንደፈለግሁ ምን ፈልጌ አውቃለሁ?

የተቀጠርነው ለእሑድ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት የሩቅ ዘመድ ሞቶ እቴቴ የሺ ለቅሶ ሄዱ። ስንጠብቃቸው ረፋዱ ላይ አቧራ ለብሰው መጡና የድንጋይ መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። «ቶሎ በሉ እንግዲህ፣ ደክሞኛል» አሉን።

መቼም የእኛ አገር ነጠላ የሚናገረው አለው። በደኅና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይውላል። ሰው ሲሞት ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትና ትከሻ ላይ ያርፋል። ከማዶ ያየ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ቤቱን ሐዘን እንደገባው ያውቃል። እቴቴ የሺ ነጠላቸውን ከለቅሶው እንዳዘቀዘቁ ነበር የተቀመጡት። ድካም ነው፤ ልብ አላሉትም።

«እንዳሉ ይሁኑልኝ፣ እቴቴ፣ አይነቃነቁ» አለ ላቀው። ሥራ ጀምሯል።

እኔ አየሁት። አየሁና እጄ እንደ ልማዱ አስተካከለው፤ በእኔ ወረቀት ላይ ጥለቱን ወደ ታች አወረድሁት። ለልጅ የሚላክ የእናት መልክ ነዋ። እጃቸውንም እንደ ሁልጊዜዬ ነጠላው ውስጥ ከተትሁት። እጅ አልችልም ነበር። ጣት ስሥል ካሮት ይሆንብኛል።

ረቡዕ እርማት ሆነ። መጀመሪያ የመኳንንት ሥዕል ተሰካ። ዓይናቸው የእንቁላል ያህል ሆኖ ፍጥጥ ብለዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከእጁ አልወጣ ብሎት ነው። «እቴቴ እንዲህ ካዩኝስ ኪራዩን ቀድሜ ነው የምከፍላቸው» አልሁትና ሦስታችንም ሳቅን። ቀጥሎ የእኔ። መኳንንት አንገታቸው ረዝሟል አለ። ላቀው ብዙ አየና «እጃቸውስ?» አለኝ።

ሕጉን አፈርሼ መለስሁለት። «በርዷቸው ነው።»

«እቴቴ እጃቸውን ደብቀው አያውቁም» አለ በዝግታ። ከዚያ የራሱን እጅ ብርሃን ባለበት፣ ደፉ ላይ ዘረጋልኝ። «ና ይሄን ሣል። እስክትጠግብ አላነሣውም።»

በደግነት ነው ያለው፤ ዛሬም እምላለሁ። ግን ያን ጊዜ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። የተዘረጋውን እጁን አየሁት እንጂ ከሰል አላነሣሁም። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሰበሰበው።

ከዚያ የእሱ ሥዕል ተሰካ።

እቴቴ የሺ ነበሩ። ምን ልበላችሁ? ከለቅሶ ያመጡት ድካም፣ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ስርጉድ፣ አፋቸው ጥግ ላይ ሁልጊዜ የምትቀመጥ፣ ነገር ልትናገር የተዘጋጀች የምትመስል እጥፋት። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ሰፊ፣ አንጓው ያበጠ፣ ይህን ሁሉ ሊጥ ያቦካ እጅ። ጥቁሩ ጥለት አንገታቸውን ዞሮ ፊታቸውን ከወረቀቱ አውጥቶታል። ተዘቅዝቋል። ላቀው ያየውን ሣለ እንጂ አልጨመረ፣ አልቀነሰ።

«ስሟ ይክበርና» አለ መኳንንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤታችንን መሰሉ። ይህ ፊት ዙሪያ የዞረው ዘርፍ፣ ልክ የእሷ መጎናጸፊያ ነው።» ለእሱ በሥዕል ላይ አንገት የዞረ ጥለት የክብር ምልክት ነው፤ ሌላ ነገር ትዝ አላለውም። ሕጉ ሕግ ነውና አፍንጫው ሰፋ አለ ብሎ አንድ እንከን አወጣ።

ተራው የእኔ ሆነ። ላቀው ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ልናገር ነበር። አፌ ላይ ነበር። «ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ ለወታደር ልጅ እንዲህ አይላክም።» አምስት ስድስት ቃል ነው። ግን በልቤ ሌላው ነገር ቀደመ፤ እሑድ እቴቴ የሺ ይህን ሲያዩ «ምነው ልጄ፣ በማን ልታሟርትብኝ ነው?» ይላሉ፤ ይቆጣሉ፤ የእኔን ያነሣሉ። የእኔ እኮ በደኅና ቀን ልብስ ነው ያለ።

«ጆሮአቸው ትንሽ ወርዷል» አልሁ።

ላቀው ተነሥቶ ዳቦውን አድቦለበለና ጆሮውን አጠፋ፤ ከፍ አድርጎ ሣለው። ሥዕሉ የበለጠ አማረ። «አላልሁህም፣ ያንተ ዓይን አያሳልፍም» አለኝ እየሳቀ።

እሑድ ሦስቱን መደቡ ላይ ደረደርንላቸው። የመኳንንትን አይተው ሳቁ። የእኔን አንሥተው አዩና «ይቺ ደግሞ የማን እናት ናት? ቆንጆ ናት» አሉ። ወደ ላቀው ሥዕል ዞሩ። መልካቸውን ከትንሽ የኪስ መስተዋት በቀር አይተውት አያውቁም። ሥዕሉን አንሥተው ወደ ፊታቸው አቀረቡ፤ እንባቸው ቅርር አለ። «ይህ እኔ ነኝ» አሉ። አያ ቢተውም ዓይናቸውን አጥብበው «የሺዬ ናት፤ ቁርጥ የሺዬ» አሉ። ነጠላውን ያየ የለም። ሰው መጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲያይ ልብሱን አያይም፤ ይህን አላወቅሁም ነበር።

አሁን ብናገር ምን እባላለሁ? ሳይመረጥ ቀርቶ ቀና። እውነትም ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልሁ።

ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምር የለ? «እኛ ለጤናችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አባትህም ደኅና ናቸው።» ይህን ስጽፍ ብዕሬ ቆም ማለቷን አስታውሳለሁ። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም። አባቱ የሞተበትንም ልጅ «አባትህ ደኅና ናቸው» ብለው ይጽፉለታል፤ ሲመጣ ነው ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያረዳው። አገር ለቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ደብዳቤ አያምንም፤ ምልክት ነው የሚፈልግ። ይህን እያወቅሁ ሥዕሉን አጥፌ፣ ፖስታው ውስጥ ከትቼ፣ በምራቄ አሸግሁት። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ነጋዴ ወሰደው።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዳገቱ በኩል ዋይታ ተሰማ። የወንድ ድምፅ ነው። «አባዬ፣ አባዬ፣ ሳልደርስልህ» ይላል፤ ሩቅ አገር ከርሞ ለለቅሶ የመጣ ሰው የሚያለቅሰው ዓይነት። አውድማ ላይ የነበረው ሰው መንሹን ጥሎ ወደ ድምፁ ሮጠ፤ ሴቶች ማን እንደሞተ ሳያውቁ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አያ ቢተውም ሰሙት። ዱላቸውን አንሥተው ጋቢያቸውን እየደረቡ «ማን አረፈ? ኧረ ማን አረፈ?» እያሉ ለማስተዛዘን ወጡ።

በሩ ላይ ተገናኙ። ፈንታ አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ የወታደር ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ደረቱን እየመታ ነው የመጣው። ሞቱ ብሎ የሚያለቅስላቸው አባቱ ዱላ ይዘው ፊቱ ቆመዋል። ልጁ ድምፁ ተቆረጠ፤ እግራቸው ሥር ተደፋ። እቴቴ የሺ ከጓዳ ሲወጡ አንዱ ወድቆ፣ ሌላው ልባቸውን ይዘው የግቢውን ግንብ ተደግፈው አገኟቸው።

ነፍስ ሲዘሩ ፈንታ ካፖርቱ ውስጥ እጁን ከትቶ ሥዕሉን አወጣ። በላብ ርሷል፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። «ይህ ምንድን ነው እናቴ? ይህን ልከሽልኝ አባቴ ደኅና ነው ብዬ ልቀመጥ?» አላቸው። ፈቃድ ቢጠይቅ አለቆቹ ከልክለውት ነበር፤ ጥሎ ነው የመጣ። የሰፈሩ ሰው ሥዕሉን ተራ በተራ ያየው ጀመር። ያን ጊዜ ነጠላውን ያላየው የለም። አንዲት ሴት «በስመ አብ» ብላ አፏን ያዘች።

«እኔ ነኝ የሣልሁት» አለ ላቀው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ ያዘቀዘቅሁት» አሉ እቴቴ የሺ ቶሎ ብለው። «እሱ ምን ያድርግ? ያየውን ነው የሣለ።»

እኔ ከሰዎቹ ኋላ ቆሜ ነበር።

ፈንታ አንድ ሳምንት ሰነበተ። እናቱ በዚያ ሳምንት አሥር ዓመት የተቀነሰላቸው መሰሉ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። ከዚያ ሽማግሌዎች የምስክር ደብዳቤ አጽፈውለት ተመለሰ። ደብዳቤው አልጠቀመውም፤ ታሰረ፣ አሥር አለቃነቱም ተገፈፈ። በዓመቱ አያ ቢተው እውነት ሞቱ። ይህን ጊዜ በግልጽ ተጻፈለት፤ አለቆቹ «አባትህ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?» አሉት። ሳይቀብራቸው ቀረ።

ላቀው ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ከሰል አልያዘም። ረቡዕ ረቡዕ እርማት ብለን ብንቀመጥ «እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ልስማችሁ» ይላል። ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰና አገሩ ስማዳ ገብቶ ሞፈር ያዘ። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ እጅ መሣል የተማርሁትም እዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተማርሁ። እሱ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ ሰሞን የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም።

ያቺ ልጅ «በርዷቸው ነው» ካለችኝ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልህ አለኝ። በሳምንቱ ስማዳ ሄድሁ።

ላቀውን የባቄላ ማሳው ዳር አገኘሁት። ጎብጧል፤ ጥርሱ ሁለት ቀርቶታል፤ ሳቁ ያው ነው። ሚስቱ ጠላና ቆሎ አቀረቡልን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆች፣ በዲቁናው ሳይሆን በንግድ ስለከበረው ስለ መኳንንት አወራን። ጠላው ሁለተኛው ጣሳ ላይ ሲደርስ አወጣሁት።

«ላቀው፣ የእቴቴ የሺን ነጠላ ያን ዕለት እርማት ላይ አይቼው ነበር። አይቼ ነው ዝም ያልሁህ። ቀንቼብህ ነው።»

«በምኔ?» አለ።

«በእጅህ።»

ቆሎውን መዳፉ ላይ እያንከባለለ ቆየ። «እኔም አይቼው ነበር» አለ።

አልገባኝም።

«ስሥል አንገታቸው ጋ ስደርስ ገባኝ» አለ። «አውርጄ ልሣለው ብዬ በልቤ ሞከርሁት። ጥለቱ ከአንገታቸው ከተነሣ ፊቱ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። እንደዚያ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ላጠፋው አልቻልሁም። እርማት ላይ አንዳችሁ ብትናገሩ አጠፋዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ዝም አላችሁ፤ ደስ አለኝ። አያ ቢተው ልባቸውን ይዘው ግንቡን ሲደገፉ ሳይ እጄን ፈራሁት። ሰው የሚያስጨክን እጅ ነው አልሁ። ተውሁት።»

ሚስቱ ሌላ ጠላ ሊያመጡ ተነሡ። ላቀው ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ይህን ይዘህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው? በል ጠጣ» አለኝ።

ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ተቀምጬ ልቤን ፈተሽሁት። ስድሳ ዓመት የተሸከሙት ነገር ሲወርድ ሰውነት ይቀላል ይላሉ። ምንም አልቀለለኝም። የሁለታችንም ዝምታ አንድን ወታደር ማዕረጉን አሳጥቶታል፤ አባቱን እንዳይቀብር አድርጎታል፤ በዚህ እኩል ነን። ግን ላቀው ዝም ያለው ሥዕሉ እንዳይበላሽበት ነው፤ እኔ ዝም ያልሁት እሱ እንዲበላሽልኝ። አንድ ቀን እንኳ፣ በሠላሳ ዓመት ማስተማር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ፣ ላጠፋው የማልችል ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የላቀው ኃጢአት እንኳ የሠዓሊ ኃጢአት ነው። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልናዘዝ ሄጄ ቀንቼ ተመለስሁ።